ሰነፍ ነው በሉ

መተማ ላይ ሰሊጥ ደርሶ እያለ የሚተኛ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ታማሚ። እመት አየሁሽ ልጃቸው አዛናው ሰነፍ እንዲባል መረጡ።

ሰነፍስ አልነበረም። አምና እንደ ሟቹ አባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አልነሣ ሲል ጎንደር ወስደውት ነበር። ሐኪሙ ምንም አልሸሸጋቸውም። «ድባቴ ይባላል። ተጋላጭነቱ በዘር ሊወረስ ይችላል፤ ስሜትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ሥራው ይዛባል። ግን ይታከማል። ኪኒኑን እንዳያቋርጥ። እህቱም ምልክት ካሳየች ቶሎ ያምጧት» አላቸው። እሳቸው ከዚህ ሁሉ ምክር «በዘር» የሚለውን ብቻ ይዘው ተመለሱ።

አዛናው ግን ኪኒኑን እየዋጠ ተነሣ። ትራክተር ነዳ፣ ከሰው ጋር ሳቀ።

ዘንድሮ እንዳለው የሚባል ጎረምሳ የአዛናውን እህት ስርጉትን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። የእንዳለው እናት ወይዘሮ ዝናሽ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት ካላጣሩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ልጅዎ ኪኒን ይውጣል አሉ። ምን ሁኖ ነው?»

«ምን ይሆናል? ስንፍና ነው እንጂ!» አሉ እመት አየሁሽ።

በማግስቱ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣሉት። ጤነኛ መሆኑን አገር እንዲያይ ደግሞ አዛናውን ከቀን ሠራተኞች ጋር አብደራፊ ለአጨዳ ሰደዱት።

«እማየ፣ ያለሱ አልችልም።»

«እህትህን ቁማ ልታስቀራት ነው?»

ሄደ። ትንሽ ቀን አጨደ፤ ከዚያ ነዶው ሥር ተኛ። ሰነፍ ነው ተብሎ ተነግሯቸዋልና ሠራተኞቹ ሲስቁበት ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ራሱን አጥፍቶ አገኙት።

«እባብ ነው የነደፈው» አሉ እናቱ። ያገኙትን ሠራተኞች አፍ አዘግተው፣ ሬሳውን ሌላ ማንም ሳይገልጠው አስቀበሩ። ሐዘናቸው የእውነት ነበር፤ ውሸታቸውም እንደዚያው። ከአርባው በኋላ ሠርጉ ተደገሰ፤ ያማረ ሠርግ ነበር።

በዓመቱ ሰሊጡ ሲደርስ ወይዘሮ ዝናሽ አስጠሯቸው። ስርጉት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ከተኛች ሰነበተች። ምን ሁና ነው? በዘራችሁ ያለ ነገር ነው?»

ስርጉት ሳትዞር፣ «እማየ፣ ጎንደር ውሰጅኝ» አለች።

እመት አየሁሽ የልጃቸውን ጀርባ አዩ። የአዛናው ጀርባ ነው፣ የአባቷም። ምን እንደሆነ በደንብ ገብቷቸዋል። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ዝናሽ ዞረው ሳቅ አሉ።

«ስንፍና ነው እንጂ! ከሠራተኞቹ ጋር ለአጨዳ ይስደዷት።»