በግዝት የታሰረው ሰንጢ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ። ቁጣ ኃጢአት ነው ይላሉ ካህናቱ፤ እውነታቸውን ነው፣ አልከራከርም። ግን ሐረገ ወይን በዚያች ቅዳሜ የተቆጣችውን ቁጣ ሰምታችሁ እናንተው ፍረዱ።

ሐረገ ወይን የእስቴ ሰው ናት። ባሏ አንዳርጌ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከደምሌና ከምራቷ ከፋንቱ ጋር ትኖራለች። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ፎቶ ቤት የሚባል ነገር ገና መከፈቱ ነበር። ያን ቀን ገብሷን ሸጣ፣ ጨውና በርበሬ ሸምታ ስትመለስ ሰው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ አየች። ምን መጣ ብላ ጠጋ አለች። ግድግዳው ላይ ሙሽሮች አሉ፣ ወታደር አለ፣ አንድ ሞላ ያሉ ቄስ አሉ፤ ከነሱ ሥር ደግሞ የሰንጢ ፎቶ ተደርድሯል። ሰንጢ ብቻ! ገበሬ ወገቡ ላይ የሚሽጠው፣ አህያ ከነጭነቷ ስትወድቅ ገመድ የሚቆርጥበት ተጣጣፊ ሰንጢ።

"እንዴ! ሙሽራ አለቀና ሰንጢ ማንሣት ጀመሩ?" ብላ ልትስቅ ስትል አንዱ እጀታ ዓይኗን ያዘው። የበግ ቀንድ ነው። ጫፉ ላይ መስቀል ተቀርጾበታል፣ ጎኑ ተሸርፏል። ስለቱ እንደ ውሻ ምላስ ወጥቶ ተዘርግቷል።

የአንዳርጌ ሰንጢ ነው። የተከፈተ።

ጨውና በርበሬው ከእጇ ወደቀ። አንዲት ሴት "እሜቴ፣ አመመዎት?" አለቻት።

ይህ ሰንጢ ተራ ሰንጢ አይደለም። ጣልያን የወጣ ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ አንዳርጌና ጎረቤቱ ዋለ የዋንቃን ወንዝ ሲሻገሩ ጭነት በሚታሰርበት ጠፍር ወገብ ለወገብ ተያይዘው ገቡ። የሞላ ወንዝ ልማዱ ነው፤ አንዱ ቢንሸራተት ሌላው ይይዘዋል። መሐል ሲደርሱ ውሃው የነቀለው ግንድ መጥቶ ዋለን መታው። ዋለ ሰመጠ፤ አንዳርጌንም ይዞት ሰመጠ። አንዳርጌ ከውሃው ሥር ሆኖ ሰንጢውን አወጣና ጠፍሩን ቆረጠው። እሱ ወጣ። የዋለ ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

የዋለ ወገን "ቆርጦ ጣለው፣ ገደለው" አለ። የአንዳርጌ ወገን "ታዲያ ሁለቱም ይሙቱ?" አለ። ጠመንጃ ተወለወለ። አባ ወልደ ሩፋኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርልንና፣ መስቀል ይዘው መሐል ገቡ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተለቀሰ፣ ታረቁ። በእርቁ ቀን አባ ወልደ ሩፋኤል ሰንጢውን አጠፉት፤ ከአንዳርጌ ወገብ ላይ በቀረው ቁራጭ ጠፍር ጥምጥም አድርገው አሰሩት። "ከአንዳርጌም ከዋለም ዘር ይህን የከፈተ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን! ሰንጢው ሲከፈት ቂሙ ይከፈታልና!" ብለው ገዘቱ። የዋለ ልጅ ፋንቱ ስታድግ ለደምሌ ተዳረች፤ ደሙ በጋብቻ ደረቀ። ሰንጢው ሐረገ ወይን ሙዳይ ውስጥ ተኛ።

አሁን ግን ገበያ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ እንደ ጎርፍ ገባች። "የዚህ ቤት ጌታ ማነው?"

አንድ ቀጭን ጎልማሳ ባርኔጣውን እያወለቀ ብድግ አለ። ተሻገር ይባላል፤ ደብረ ታቦሬ ነው። "ኖር እማማ! ይግቡ፣ ይቀመጡ! ፊትዎን ወደ ብርሃን..."

"ፊቴን ተወው! ያን ባለ መስቀሉን ሰንጢ ማን ሰጠህ?"

"እሱን?" አለና ፊቱ በራ። አያችሁ፣ ንዴቷን ያባሰው ይኸ ነው፤ ምንም የበደለ አልመሰለውም። መጋረጃ ገልጦ ግድግዳ ሙሉ በሚስማር የተሰቀለ ሰንጢ አሳያት። "እሱማ የስብስቤ ቁንጮ ነው! የገመድ ሰንጢ ነው የምሰበስበው፣ እማማ። ሰንጢውን ላመጣልኝ ሰው ፎቶውን በነጻ አነሣዋለሁ። ይዩ፣ ይኸ የጋይንት ነው፤ ስለቱ ቀጥ ያለ። የስማዳው ደግሞ እንደ ማጭድ ጎበጥ ይላል፤ ጠፍር ከያዘ አይለቅም። እርስዎ ያሉት ግን ታሪክ አለው። ሰው ጥሏል ይባላል! የመጣው እንግዳ ሁሉ ታሪኩን ስነግረው አፉን ይዞ ነው የሚቀረው።"

"ትነግራለህ? ለመጣው ሁሉ?"

"ቅርስ ነው እኮ፣ እማማ!"

"ማን ከፈተው?"

"እኔው ነኝ። ጠፍሩ ደርቆ አጥንት ሆኖ አልፈታ ቢለኝ በስማዳው ሰንጢ ቆረጥሁታ። እንደ ቅቤ!"

ሐረገ ወይን ቀኝ እጇን አነሣች። በጥፊ ልትለው ነበር። ግን አማተበችበት። "በስመ አብ በል፣ አንተ ሰው! በስመ አብ በል፤ ካለዚያ እጄ በራሱ ይመጣብሃል!"

ወደ ደጃፉ ስትወጣ ነው ዓይኗ ከሰንጢው ፎቶ ጎን ያለውን ሌላ ፎቶ ያየው። ደምሌ! የገዛ ልጇ! የሰው ኮት ለብሶ፣ ጃንጥላ ተደግፎ፣ ደረት ኪሱ ላይ ብዕር ሰክቶ ቆሟል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብዕር!

ደምሌ አህያዋን እየነዳ ሲደርስ እናቱን ደጃፉ ላይ አያት። ሊዞር ሲል "ና ወዲህ፣ ባለ ብዕሩ!" አለችው። የተኮለኮለው ሰው ሳቀ።

"እምዬ፣ አስቀድመሽ ስሚኝ..."

"ከሙዳዬ አውጥተህ? እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ?"

"እኔ አልከፈትሁትም፤ በመስቀሉ! ተሻገር ሲከፍተው ፊቴን አዙሬ ነው የቆምሁት። አባ የገዘቱት 'ከአንዳርጌም ከዋለም ዘር' ብለው ነው። ተሻገር ደግሞ የማናችንም ዘር አይደለም፤ ደብረ ታቦሬ ነው።"

ሐረገ ወይን ወደ ልጇ ጠጋ አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ ብሎ መጣ፤ ይኸ ደግሞ ከጩኸቷ ይብሳል። "ነገረ ፈጅ ሆነህልኛል ለካ! እግዜርን ችሎት አቁመህ ልትረታው ነው? ለአንዲት ፎቶ? መልክህን ማየት ካማረህ ከወንዙ ዳር ጎንበስ አትልም ነበር?"

"አጥፍቻለሁ፣ እምዬ።"

"ከነዋለ ቤት ያየ ሰው አለ?"

ደምሌ አንገቱን ደፋ። "ቢሻው አይቶታል። ቅድም እዚህ ቆሞ ነበር። ሰላም ብለው ዝም ብሎኝ አለፈ።"

ቢሻው የዋለ ልጅ ነው፤ የፋንቱ ወንድም። ደግ ልጅ ነው፣ ግን አባቱን ሳይጠግብ ያደገ ልጅ ነው፤ ጠመንጃም አለው። ሐረገ ወይን ከዚህ በኋላ ስለ ፎቶም ስለ ግዝትም መጨቃጨቅ ተወች። ወደ ውስጥ ተመልሳ ሰንጢውን ከሚስማሩ አወረደች፤ እንደተከፈተ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

"ተነሡ። ከአማትህ ከአሰለፈች ቤት እንሄዳለን። አንተም፣ ባለ ባርኔጣው።"

"እኔ?" አለ ተሻገር። "እማማ፣ ዛሬ ገበያ ነው፤ ደንበኛ አለኝ።"

"ደንበኛህ ቢቀር አይሞትም። ልጄ ግን ይሞታል። እምቢ ካልህ ከዚህች ደጃፍ ቁጭ ብዬ ግዝት የፈረሰበት ቤት ነው እያልሁ እጮሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ፊቱን ሊያስነሣ እንደሚገባልህ አያለሁ።"

ተሻገር የተኮለኮለውን ሰው አየ። ባርኔጣውን አነሣ።

ቀኑ ሳያዘቀዝቅ የዋለ ሚስት አሰለፈች አጥር ጥግ ደረሱ። ሐረገ ወይን ከእርሻው ዳር ሁለት ድንጋይ መረጠች፤ ትንንሽ አልመረጠችም። አንዱን ደምሌ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ሌላውን ለተሻገር ስትሰጠው "ምን ላድርገው?" አለ።

"እንደሱ ተሸከመው። በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚገባው። ደብረ ታቦር ላይ ይቅርታ የለም?"

"ባርኔጣዬስ?"

"ባርኔጣህን ጣለው!"

ጎንበስ ብለው ገቡ። ቢሻው ጠመንጃውን ይዞ ከበሩ ብቅ አለ። "ምን ቀራችሁና መጣችሁ? የአባቴን ሞት ገበያ አውጥታችሁ ሰቅላችሁ፣ አሁን ድንጋይ?"

"ስለ ማርያም፣ ቢሻው! ስለ ወላዲተ አምላክ!" አለች ሐረገ ወይን። "እኔን በለኝ፤ ልጁን ተወው።"

"ይግቡ" አለች ከውስጥ አሰለፈች። ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ስለ እግዚአብሔር አሏት፣ ስለ ሚካኤል አሏት፤ እንዝርቷ መሽከርከሩን አላቆመም። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ፈታ ሰንጢውን መሬት ላይ አኖረችው። ስለቱ ዝጓል። ቢሻው እንደ እባብ አይቶት አንድ እርምጃ ሸሸ።

አሰለፈች እንዝርቷን ያዘችው። ሰንጢውን አየችው፣ ገልብጣም አየችው።

"ጠፍሩስ?" አለች።

ደምሌ ዞሮ ተሻገርን አየው።

"ጠፍሩስ ነው የምላችሁ!"

"ተቆርጦ ነው..." አለ ተሻገር ከድንጋዩ ሥር። "ከጉድፍ ጋር ጠረግሁት መሰለኝ።"

አሰለፈች ተነሣች። እስከዛሬ ማንም ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት ሁሉ ሰማት። "ጠረግሁት! ሰንጢ ለኔ ምኔ ነው? ባሌን ውሃ ነው የገደለው፤ ይህን አምኜ ነው የታረቅሁት። የዋለ ወገብ የታሰረበት እሱ ጠፍር ነበር! ሬሳ የለኝ፣ መቃብር የለኝ፣ አፈር እንኳ የምበትንበት የለኝ! አንቺ ሐረገ ወይን፣ በየዓመቱ ቤትሽ መጥቼ ሙዳይሽን ክፈችልኝ የምልሽ የባልሽን ሰንጢ ልሳለም መሰለሽ?"

ሐረገ ወይን ደነገጠች። እውነት ነው፣ እንዲያ መስሏት ነበር። ከገበያው ጀምሮ እንደ እሳት ስትነድ የመጣችው ስለ ሰንጢው ነው፤ ተሻገር ቆረጥሁት ሲላትም የሰማችው መከፈቱን ነው። የጠፍሩን ነገር አንዴም አልጠየቀችም።

"ላስተምራቸው፣ እማ?" አለ ቢሻው ጠመንጃውን እያነሣ።

"አንተም ተቀመጥ! ጠመንጃህን ስታወርድ የአባትህ ጠፍር የት ደረሰ ብለሃል?" ነጠላዋን አጣፋች። "ድንጋዩን አውርዱት። ቆዳ ነው፤ ውሻ ሳይወስደው እንሂድ።"

ወደ ከተማ የተመለሱት ሁሉም ናቸው። ከፎቶ ቤቱ ጓሮ አመድ፣ የወረቀት ቅዳጅ፣ የመስታወት ስባሪ ተከምሯል። ተሻገር በዚያ በደህና ሱሪው ተንበርክኮ ጫረ። ደምሌ ጫረ። ቢሻው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ደግፎ ጫረ። ሐረገ ወይን እጇን መስታወት ቆረጣት፤ ደሟን በቀሚሷ እየጠረገች "ማርያም፣ ማርያም፣ አታሳፍሪኝ" ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ "ጠረግሁት ይላል! እጁን ጠራርጎ ይጣለውና!" ትላለች፤ እንደገና ትጸልያለች።

ያገኘችው እሷ ናት። ጣት የምታህል፣ በአንድ በኩል እሳት የነካት ቁራጭ። ሌላው አልተገኘም። በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ሰጠቻት። አሰለፈች አሸተተችው። ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆየች፤ የዚያ ሁሉ ዓመት እንባዋ መጣ። ቢሻው እናቱን ሲያይ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ አሰለፈች ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ሰንጢ አወጣች፤ ዝገቱን በመዳፏ ገፍታ ቀጭ አድርጋ አጠፈችው።

"እሜቴ፣ ግዝቱ!" አለ ደምሌ።

"ግዝቱ የከፈተ ይላል እንጂ የዘጋ ይላል? አንተ ነገረ ፈጅ አይደለህ?" ሰንጢውን ለሐረገ ወይን ሰጠቻት። "ሰንጢሽን ያዥ። ጠፍሩ ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለካህኑ እንነግራለን፤ የሚሰጡትን ንስሐ ሁላችሁም ትቀበላላችሁ። ደምሌ የልጄ ባል ነው፤ ደጄ አይዘጋበትም፤ ቢሻውም እጁን አያነሣበትም። አንቺን ግን ገና አልታረቅሁሽም። ስታረቅሽ እነግርሻለሁ።"

"ልክ ነሽ" አለች ሐረገ ወይን።

ተሻገር የሰንጢውን ፎቶ ከነፊልሙ አምጥቶ ፊታቸው አቃጠለው። ፊልሙ ቦግ ብሎ ነደደ። የደምሌን ፎቶ ግን ሐረገ ወይን አላስቃጠለችውም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ መልሳ ሰቀለችው። "ንስሐህን ስትጨርስ እንገለብጥሃለን" አለችው። ንዴቷ ገና አልበረደላትም ነበር።

እናንተ ይህን የሰማችሁ ሰዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዋለ መቃብር የለውም። የክርስትና ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። ለነፍሱ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።