ከአረፋ የተረፈች አበባ

በደርግ ዘመን ነው። ጨርቅ ነጋዴው ሱሩር ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ትልቋ ጣይባ ደሴ፣ ትንሿ ከሪማ ኮምቦልቻ። ለአረፋ በወተት ዱቄት ጣሳ የተተከሉ ሁለት ባለቀይ ቅጠል አበቦች ገዝቶ ለየቤታቸው አደረሰ። እኩል አድርግ ተብሏላ!

በዓሉ አልፎ የደሴ ብርድ ሲበረታ የጣይባ አበባ ቅጠሏን አራገፈች። ጣይባ ጋቢ አለበሰቻት፤ የሰው ዓይን ነው ብላ ጭራሽ ጨለማ ጓዳ ደበቀቻት። ባዶ እንጨት ስትሆንባት ከነጣሳዋ ደጅ ወረወረቻት።

«ይቺም እንደ አምጪዋ ቆላ ናፍቋት ነው!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሱሩር በጣይባ «የከሪማዋስ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ደህና ናት» ብሎ ፈገግ ይላል። ያቺ ፈገግታ ጣይባን እርር ድብን ታደርጋታለች። አንድ ቀን አላስችል ብሏት፣ ከሪማ አሟት ነበር መባሉን ሰበብ አድርጋ ኮምቦልቻ ወረደች።

አበባዋ መስኮቱ ሥር እንደ በርበሬ ቀልታ ቆማለች።

«መርሐባ እትዬ! እንኳን መጡ» አለች ከሪማ። «ለሻይ ውሃ ጥጄ ስኳር የለኝም፤ ቀበሌም ገና አላደለም። ከጎረቤት ተበድሬ ልምጣ።»

ጣይባ ብቻዋን ቀረች። «ለሷ ሲሆን ያብባል፣ ለኔ ሲሆን ይደርቃል» አለች በሆዷ። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ይንተከተካል። አነሳችና ከፈላው ውሃ ግማሹን አበባዋ ሥር አንቆረቆረችው። ቅናቷ ለጊዜው ረካ።

ከሪማ ስኳሩን ይዛ እየሳቀች ተመለሰች።

«ሱሩር እስከ መጪው አረፋ ምስጢር ነው ብሎኝ ነበር፤ ወላሂ አፌ እምቢ አለኝ። አበባዋ የርስዎ ናት! የጣሏትን አንስቶ አመጣት፤ ‹አልሞተችም፣ ሙቀት ነው የሚያሻት፣ ለጣይባ አድኚልኝ› አለ። የኔዋንማ ፍየል በልታታለች።»

ጣይባ የተቀዳላትን ሻይ ሳትነካ አስቀመጠች። ሰዓት እላፊ እንዳይደርስባት ተነሳች። ከሪማ አበባዋን በነጠላዋ ጠቅልላ እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት።

«ፀሐይ ጣሳውን አሙቆታል፣ ደግ ነው። አብሽሩ፣ ዳገቱ ላይ እንዳይበርዳት ይቀፏት።»

ጣይባ አቀፈቻት። አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ሲያያዝ ጣሳው ጭኗ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።