ቦራ ስንተኛ ወጣ?

፩

ውጤት።

ገና አልተነበበም። ማይክሮፎኑ ውጤት አንባቢዋ አስናቁ እጅ ላይ ነው፤ እልልታው ግን ቀድሟት ሜዳውን ሞልቶታል። አጎቷ አቶ ይርሳው ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገት ወጥተው፣ በፈረሳቸው በቦራ ከሁሉም ቀድመው ገብተዋል። ለሕዝቡ ነገሩ አልቋል።

፪

አንባቢ ሆይ፣ ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎ። የረጅም መንገድ ግልቢያ መጨረሻው መስመር ላይ አያልቅም። ፈረሱ ከገባ በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ልቡን ያዳምጣል። ትርታው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከረጋ ጨርሷል ይባላል። ካልረጋ፣ ከሁሉ ቀድሞ ቢገባም ውጤት የለውም።

ደንቡ ዘንድሮ የወጣ ነው። ለጋላቢዎቹ ተነግሯቸዋል። ለተመልካቹ መንገር ግን ማንም ትዝ አላለውም።

፫

ለምን ዘንድሮ?

አምና አንደኛ የወጣው ፈረስ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ሞተ። ኮሚቴው የለጠፈው ውጤት ላይ የጋላቢው ስም አለ፣ የፈረሱ ስም አለ፣ «አንደኛ» የሚል ቃል አለ።

ሌላ የለም።

ያንን ወረቀት ያነበበ ሰው፣ ፈረሱ ዛሬም የሆነ ቦታ ሣር እየጋጠ ያለ ይመስለዋል።

፬

አሁን ደግሞ የአገሩ ወግ። ቀድሞ የገባ ፈረስ እንዲሁ አይታለፍም። ይከበባል፤ ጅራፍ ይጮኽለታል፣ ይፎከርለታል። ከዚያ ጋላቢው ሜዳውን አንድ ዙር በሽምጥ ይዞራል። ሳይዞር የቀረ እንደሆነ ሲያሙት ይከርማሉ።

ቦራም ወጉን ያውቃል። እልልታ ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፣ መሬቱን በኮቴው ይጭራል፣ ልቡም እንደ አዲስ ይነሳል። ባከበሩት ቁጥር አይረጋም።

፭

የሐኪሙ ድንኳን ሥር የተባለው፣ እንደተባለው፦

ሐኪሙ፦ አልወረደም። እንዲያውም ጨምሯል።

ይርሳው፦ ደስ ብሎት ነው እንጂ ምን ሆኖ!

ሐኪሙ፦ ደስታም ይሁን ድካም፣ ያለው አንድ ልብ ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ አዳምጠዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አበቃ። አሁን ሽምጥ ካስጋለቡት ግን ለሕይወቱ ዋስ አልሆንም።

ይርሳው፦ አስኔ፣ በይ ስሜን ጥሪና ልዙር። ሰው እየጠበቀኝ ነው።

አስናቁ፦ ጋሼ፣ ቢወድቅብዎትስ?

ይርሳው፦ ቦራ? ኧረ ቦራ አይወድቅም!

አስናቁ፦ የአምናውም አይወድቅም ተብሎ ነበር።

፮

አጎቷ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው። ክረምት ላይ ቦራ ሲታመም ጋቢያቸውን አልብሰውት ጋጣ ውስጥ አብረውት ያደሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን ሕዝቡ ስማቸውን ይጠራል፣ አንድ እግራቸውም እርካቡ ላይ ነው።

አስናቁ ፈራች። አባት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዝም ብትል ፈረሱን ትገድላለች፤ ብትናገር እሳቸውን በአደባባይ ታዋርዳለች።

፯

ማይክሮፎኑን ከፈተች።

«ወገኖቼ፣ ገና ውጤት የለም። ቦራ ቀድሞ ገብቷል፤ ልቡ ግን አልረጋም። የማይረጋውም እኛ ስለምንጮህ ነው። አምና አንደኛ የወጣው ፈረስ ሞቷል፤ አልነገርናችሁም። ዘንድሮ ራሳችሁ ስሙት።»

«ምን ትላለች ይቺ!» አለ አንዱ ከመሃል።

ሐኪሙን ዞራ አየችው። የልብ ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ሰጣት። አንደኛውን ጫፍ እሱ ከቦራ ደረት ላይ ያዘ፣ ሌላውን እሷ ማይክሮፎኑ ላይ ገጠመችው።

፰

ድው ድው ድው ድው ድው ድው ድው

ጅራፉ ቆመ።

ድው ድው  ድው ድው

እልልታው ቆመ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ድው   ድው   ድው

አቶ ይርሳው እግራቸውን ከእርካቡ አወረዱ። የቦራን አንገት ዳበስ አደረጉና «አይዞህ፣ ልጄ» አሉት፤ ለእሱ ብቻ ያሉት ነበር፣ ሜዳው ሁሉ ሰማቸው።

ድው      ድው

፱

ውጤት።

ሐኪሙ «ረጋ» አለና ሰዓቱን አየ።

ድው



ቦራ፦ ____________