የቆጡ ላብ

ሰማዩ ደርቆ ከርሞ፣ ጣሪያ ውሃውን ከየት አምጥቶ ነው የሚያፈሰው?

በመጣሁ ሰሞን ይህንን ለእህቴ አነሳሁላት። መልሱን አላውቀውም ነበር። እሷ ግን ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጠረችው።

«ጣሪያ ስለሆነ ያፈሳል» አለች፣ ካውያውን ከአንሶላው ላይ ሳታነሳ። «አንቺ የነበርሽበት አገር ጣሪያው ምን ያፈሳል? ወተት?»

ታላቄ ናት። ከመጣሁ ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ «ዲግሪ» ነው የምትለኝ። ዲግሪ፣ ውሃ አምጪ። ዲግሪ፣ ከመንገድ ላይ ተነሺ። እውነቱን ለመናገር ዲግሪውም ቢሆን ቅጥ ያለው ነገር አይደለም። ሩቅ አገር ሄጄ የሕንፃ ትምህርት ጀመርኩ፤ ሰለቸኝና ወደ ሌላ ዞርኩ፤ እሱንም እንደ ነገሩ ጨርሼ ተመለስኩ። ሻንጣዬን እስካሁን አልፈታሁትም። የመጣሁት ለመኖር ይሁን ለመሰናበት፣ ለራሴም አልገባኝም።

እህቴ የልብስ አጠባ ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው። የሆቴል አንሶላ፣ የሆቴል ፎጣ፣ የሆቴል ትራስ ልብስ። ነፋሱ አቧራ በሚያነሳባቸው ወራት ነጭ ልብስ ግቢ ውስጥ ስለማይሰጣ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮበታል። ሰው ሲመጣ እርጥብ አንሶላ በክንዱ እየገለጠ ነው የሚገባው። በጓዳ በኩል በርሜል ሙሉ ውሃ ሲፈላ ይውላል፣ ካውያው እንፋሎት ይተፋል፣ መስኮቱ ያለቅሳል። እኔ የምተኛው ሶፋው ላይ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ፀጉሬ ታጥቦ ያደረ ይመስላል።

እናታችን የምትተኛው ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ነው። ከአልጋዋ በላይ ኮርኒሱ ሆዱን ነፍቶ ወደ ታች ወርዷል። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ጥቁር ሻጋታ ነው። በየማለዳው ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ባልዲ ተቀምጦለታል። እህቴ ጣሪያ ሠሪ ጠርታ ጠርታ ደክሟታል። ሰውየው በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ሬንጅ ቀብቶ ይሄዳል፣ ጠብታው ግን አልቆመም። አሁን ደግሞ ባሮጌው ቆርቆሮ ላይ አዲስ ሊደርብበት ተስማምተዋል። ቅዳሜ ይጀምራል።

ያንን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ምኑ ነው? ጣሪያው ቢወርድ የሚወርደው እናቴ ላይ ነው።

ከጎረቤት መሰላል ተውሼ ቆጥ ወጣሁ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ቆጥ ነው የምንለው። አባባ ቤቱን ሲሠራ ልጆቹ እየተደበቁ የሚጫወቱበት ደረቅ ቦታ ነበር። አሁን የተረሳ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ባትሪውን ሳበራ ቆርቆሮውን በስተው የገቡት ሚስማሮች ሁሉ ጫፋቸው ላይ አንድ አንድ የውሃ ጠብታ አንጠልጥለዋል። ቀዳዳ ፈለግሁ፤ የሰማይ ብርሃን የሚያስገባ አንድም የለም። ቆርቆሮው አላፈሰሰም። በውስጥ በኩል አልቦታል።

አባባ በክፈፉ ስር፣ ግራና ቀኝ፣ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ትቶ ነበር። ሁሉም ተደፍነዋል፤ ውስጣቸው አሮጌ ፎጣና ፌስታል ተወትፎ ከላዩ ሲሚንቶ ተመርጎበታል። በኪሴ የያዝኩትን ካቻቢቴ በእናቴ አልጋ አናት ላይ የሚያልፈው ወራጅ፣ ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት ላይ ሳስጠጋው የራሰ ዳቦ የወጋሁ ያህል ሰተት ብሎ ገባ። ከክፍሏ መስኮት በላይ ወዳለው ወገን ተጠግቼ ሌላውን ወራጅ ስወጋው እንጨቱ እጄን መለሰው።

ወርጄ እህቴ ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ ጣሪያው አያፈስም።»

«ባልዲው ውስጥ ያለውስ? እንባዬ ነው?»

«ያንቺ እንፋሎት ነው። በኮርኒሱ ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆጥ ውስጥ መውጫ ያጣል፤ ቆርቆሮው ሲበርደው ውሃ ሆኖ ይመለሳል። ቀዳዳዎቹን ማን ደፈናቸው?»

«እኔ። በነዚህ እጆቼ።» እጆቿን ዘረጋችልኝ፤ ሳሙና የበላቸው፣ የተላላጡ። «በዚያ ቀዳዳ የገባ አቧራ በኮርኒሱ ስንጥቅ እየወረደ አንሶላዬ ላይ ያርፍ ነበር። ሆቴሉ ልብሱን ሲመልስብኝ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እንግዲያው ኮርኒሱን ነበር መድፈን። ስንጥቁን እንዝጋው፣ ቀዳዳዎቹን ከፍተን ወንፊት ሽቦ እናድርግበት። አቧራው አይወርድ፣ እንፋሎቱ አይታፈን። ወጥተሽ እዪው፣ ወራጁ በስብሷል።»

«መበስበሱን የማላውቅ መሰለሽ?» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ሲል ይበልጥ ያስፈራል። «የሚወድቀው ሲደርስ ይወድቃል። እስከዚያ አንሶላው ነጭ ይሁን። ገመዱን ሁሉ አውርጄ ኮርኒስ ስለጥፍ የምንበላው ያንቺን ዲግሪ ቀቅለን ነው? አንቺ ሲከፋሽ ትኬት ትቆርጫለሽ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«እሺ፣ የእማዬን አልጋ እንኳን ከዚያ እናንሳው።»

ከጓዳው አጠገብ እናቴ ጮኸች። «አልጋዬን ማንም እንዳይነካ! አልጋዬን የሚያነሳው ሬሳዬን የሚያነሳ ነው። ከናንተ ጭቅጭቅ የጣሪያው ጠብታ ይሻለኛል፤ እሱ እንኳን ማለዳ ማለዳ ብቻ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ጣሪያ ሠሪው ሊለካ መጣ። ነገሩን ሳስረዳው ሜትሩን ይዞ ጠበቀኝ፤ ስጨርስ ወደ እህቴ ዞረ።

«ቤቱ ይተንፍስ ነው የምትለው። ሳንባ አለው እንዴ?»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናላ» አለች እህቴ። ሁለቱም ሳቁ። እህቴ ስትስቅ ካየሁ ቆይቶ ነበርና ጥርሷ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ወራጁን አይተኸዋል?» አልኩት።

«የኔ እህት፣ እኔ ቆርቆሮ ነው የምመታው። ስለ እንጨት አናጢ ጠይቂ።»

ዓርብ እህቴ የተተኮሰውን ልብስ ወደ ሆቴሉ ይዛ ወጣች። ሳሎን ውስጥ የቀረው አንሶላ ገና አልደረቀም። ኮርኒሱን አስቀድሞ መድፈን እንደሚገባ ለእሷ የነገርኳት እኔ ራሴ ነኝ። ግን ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቆርቆሮው ከተደረበ ማንም አይከፍተውም። መዶሻና መሮ ይዤ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሲሚንቶው እንደ ብስኩት እየተሰበረ ወረደ። ፎጣውን ስስበው ከውስጡ ሙቅ፣ የሚከረፋ አየር ፊቴ ላይ ወጣ። አንዱን ወገን ከፍቼ ወደ ሌላው ዞርኩ። የመጨረሻው ሲከፈት ነፋሱ ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር ተሰማኝ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ነፋሱ የበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። የዓመታት አቧራ በቆጡ ተጠራርጎ በየስንጥቁ ሳሎኑ ውስጥ ዘነበ። አንሶላ እየጎተትኩ ባወርድ፣ ያወረድኩት መሬት እየነካ ባሰው። እህቴ ስትገባ መሐል ላይ አቅፌያቸው ቆሜ ነበር።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ከእጄ ላይ አንዱን አንሶላ ወሰደች፣ በብርሃን አየችው፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«የሆቴሉ ሹፌር የቀረውን ሊወስድ አመሻሽ ላይ ይመጣል» አለች። «ምን ልበለው? እህቴ ጣሪያ ስታክም ነበር ልበለው?»

«አብሬሽ አጥባለሁ። ዛሬውኑ።»

«አንቺ?» እጄን ይዛ ገለበጠችውና መዳፌን አየች፤ ከዚያ እንደ ቆሻሻ ጨርቅ ለቀቀችው። «ከቤቴ ውጪልኝ።»

«የአባባም ቤት ነው።»

«አባባ ሲታመም የማን ነበር? ውጪ!»

ሻንጣዬ ያልተፈታ ስለነበር መውጣቱ ጊዜ አልወሰደም። እናቴን ልሰናበት ስገባ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። «እማዬ፣ ወደ መስኮቱ በኩል ጠጋ በይ እባክሽ» አልኳት።

«ስትሄጂ በሩን ዝጊው» አለችኝ። «ነፋስ ይገባል።»

ከተማው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቅዳሜ ግን አላስቻለኝም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ጥግ ቆሜ አየሁ። ጣሪያ ሠሪው አዲሱን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አስተኝቶ እየመታ ነው። እህቴ መሰላሉ ላይ ነበረች። እኔ ያወጣሁትን አሮጌ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ደርባ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጡጫ ትወትፋለች። ከዚያ በሲሚንቶ ታለሳልሳለች። ደህና አድርጋ ነው የምትሠራው፤ ሥራ ስትይዝ እንዲያ ናት። አንዴ ዞር አለችና አየችኝ መሰለኝ። ሲሚንቶውን ጨምራ መረገችበት።

እኔ ነኝ ወይ የተሳሳትኩት? እንጨቱ በስብሷል፤ ይሄ አያከራክርም። በዚያ ማዶ ቆሜ ግን፣ እነዚያን ቀዳዳዎች የከፈትኩት ለእናቴ ብዬ ይሁን ለማሸነፍ፣ መለየት አቃተኝ። መዶሻው ሲያርፍ የቤቱ ክፈፍ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ ድረስ ይታያል።

ክፍሌ ተመልሼ ስልኬን አነሳሁ። ረጅም አድርጌ ጻፍኩና አጠፋሁት። አባባን አነሳሁበት፣ እሱንም አጠፋሁት። የላክሁት ይህንን ነው፦

«እትዬ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ ሁለተኛ አልናገርም። ቤቱም ያንቺ ይሁን። የእማዬን አልጋ ብቻ ወደ መስኮቱ ሳቢው። በዚያ በኩል ያለው ወራጅ ደህና ነው፣ በካቻቢቴ ወግቼ አይቼዋለሁ። ሳብሽው? አዎ ወይም አይ በይኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እንዳነበበችው ስልኩ ያሳያል። አልመለሰችልኝም።