ሾኔ ያልሰማችው ኮከብ

እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቢንያም ከሾኔ ደወለ።

«ሐዳሲ፣ እኔ ጋ ምንም የለም።»

ሐዳሳ ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዳሳ የሬዲዮ አስትሮኖሚ ተመራማሪ ናት። ሆሳዕና ከተማ፣ አባቷ ጓሮ ውስጥ አንድ አንቴና ተክላለች፤ የሥራ ባልደረባዋ ቢንያም ሾኔ ከተማ ላይ ሌላ አለው። ሁለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ያንኑ ሰማይ ያዳምጡና ቅጂያቸውን ያመሳክራሉ። ፑልሳር የሚባለው ኮከብ ሲሽከረከር ሞገዱ እንደ ልብ ይመታል፤ እውነተኛ ከሆነ ሁለቱም ጋ መሰማት አለበት። የሐዳሳ አንቴና ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ የትም መዝገብ ላይ የሌለ ምት ሲቀዳ ከረመ። የሾኔው ተበላሽቶ ነበርና ገና ዛሬ መሥራቱ ነው።

እስኪጣራ ዝም ብትል ምን ነበረበት! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ኤርጫፎ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ በምስክርነት ሰዓት «ልጄ አዲስ ኮከብ አገኘች» ብለው ጌታን ሊያመሰግኑ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ወጥተዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በማይክ!

«ኬብሉን አይተኸዋል?»

«ሁለቴ።»

«ሰዓቱስ?»

«ልክ ነው። ከሰማይ ቢሆን ለእኔም ይደርሰኝ ነበር። ምንጩ እዚያው አንቺ ጋ ነው።»

ሮጣ የቤቱን ቆጣሪ አጠፋች። መሣሪያው በባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም፤ ምቱም ቀጠለ። የቤቱ መብራት አይደለም ማለት ነው። ተስፋዋ ነፍስ ዘራ። ጓሮ ስትወጣ ግን ዓይኗ የአባቷ ላም ላይ አረፈ። ይቺ የፈረንጅ ላም የጎረቤት ጎመን እየበላች ብታስቸግር፣ አቶ ኤርጫፎ በሶላር የሚሠራ፣ ኮረንቲ በየሰከንዱ ምት እያደረገ የሚለቅ የሽቦ አጥር ገዝተውላታል። በየጠዋቱ ላሟን ሲያወጡ ያበሩታል፣ ረፋዱ ላይ ያጠፉታል።

ማጥፊያውን ተጫነችው። ምቱ ጭጭ አለ። መልሳ አበራችው፤ ጀመረ። ኮከብ በየቀኑ አራት አራት ደቂቃ እየቀደመ ይወጣል፤ የእሷ «ኮከብ» ግን ላሟ ስትወጣ ነበር የሚወጣው። ይህን ሳታስተውል መቅረቷ አንገበገባት።

«ወይኔ ጉዴ!» ባጃጅ ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን በረረች።

ስትደርስ አባቷ ማይኩን ጨብጠው መመስከር ጀምረዋል። «ይኸው መጣች! ነይ፣ አንቺው ንገሪያቸው!» አሉ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። ማይኩን ከአባቷ ተቀበለች። «ገና እየተጣራ ነው» ብትል እዚያ ማንም አይመረምራትም፤ የአባቷም ፊት እንደበራ ይውል ነበር። ታዲያ እሳቸው በሐሰት ሊመሰክሩ ነው?

«ኮከብ አላገኘሁም» አለች። «ሦስት ሳምንት የሰማሁት የአባቴን የላም አጥር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። አቶ ኤርጫፎ ፊታቸው ጠቆረ። ማይኩን ከእጇ ተቀብለው ማስቀመጫው ላይ ሰኩና ተቀመጡ። ቀኑን ሙሉ አላናገሯትም፤ ምሳም አልቀመሱም።

ሰኞ ጠዋት መሣሪያውን ስትከፍት ምንም ምት የለም። ግራ ገብቷት ወደ ጓሮ ወጣች። ሽቦው ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ ግድግዳ ሥር ተቀምጧል። አባቷ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ላሟ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ቀና ብለው አላዩአትም።

«ላሟን እኔ እጠብቃለሁ» አሉ። «አንቺ ግቢና አዳምጪ።»