ሞቷል የተባለው መስፍ

ባሌ ቀጥቃጭ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ግን በሚቀጠቅጠው ሳይሆን በሚያድነው ነው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ መሃሉ የጎደጎደ አሮጌ መስፍ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። መስፍ ማለት ያ የጋለ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ ሁለት ጎረምሳ እያቃሰተ የሚያነሳው ከባድ ብረት ነው። "ፊቱን ሞርደህ አስተካክልልኝ" የሚለው ሰው ካጋጠመው ይቆጣል። "ጠንካራው ቆዳው ስስ ነው። እሱን ሞርደህ ከጨረስከው ምን ላይ ልትቀጠቅጥ ነው? ጉድጓዱ ይኑር፤ የጎበጠ ብረት የሚቃናው እዚያ ላይ ነው" ይላል። የተሸረፈውን ጠርዝ ብቻ ለስለስ አድርጎ ይመልሳል።

ከዚያ በፊት ግን ያዳምጣል። በትንሽ መዶሻ ፊቱን ከዳር እስከ ዳር ይነካካዋል። ደህና መስፍ ጥርት አድርጎ ይጮሃል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ባሌ "ሞቷል" ካለ ብረቱ ለአቅላጮች ይሰጣል፤ ይግባኝ የለም።

ባለፈው ሰሞን የሟች ጓደኛው ሚስት አስጠራችው። ጓደኛውም ቀጥቃጭ ነበር። ትልቋ ልጃቸው የአባቷን ሥራ ቤት መልሳ ልትከፍት ተነስታለች፤ ሌላ መስፍ ግን ከየትም አያመጡም። ሁሉ ነገር አባቷ ትቶት በሄደው አሮጌ መስፍ ላይ ቆሟል። እኔም አብሬው ሄድኩ።

ባሌ ጎንበስ ብሎ መታው። ጥንን አለ፤ ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። እሱ ግን ግንባሩን ቋጠረ። ደግሞ መታው፣ አሁንም ደገመው።

"ሞቷል" አለ።

"ኧረ እኔስ እንደ ድሮው ነው የምሰማው" አለች ሴትየዋ።

"እህቴ፣ ሐዘን ነው የሚያሰማሽ" አላት፣ ለስለስ አድርጎ። ለስላሳነቱ ደግሞ ከቁጣ ባሰ። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እኔም ጥርት ብሎ ሲጮህ ነው የሰማሁት፤ ነገር ግን ባሌን ሰው ፊት ላርመው አልፈለግኩም።

መንገድ ላይ "ግን በደንብ ሰምተኸዋል?" አልኩት።

"ዕድሜ ልኬን የሰማሁትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?" አለና ጥሎኝ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ከሥራ ቤቱ ጮኸ። "ነይ! ነይና ጉድ እዪ! የእኔም ሞተ!"

ሮጬ ገባሁ። "ትናንት ሲሠራ የዋለ መስፍ!" እያለ መታው። ቤቱ በሙሉ አስተጋባ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ጉጠቶች ተንቀጫቀጩ። እሱ አፍጥጦ ያየኛል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ስጠራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል ብዬ ያኮረፍኩበት ቀን ሁሉ ትዝ አለኝና አንጀቴን በላው።

"መስፉ ደህና ነው" አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "እየጮኸ ነው። በጣም እየጮኸ ነው።"

መዳፉን ብረቱ ላይ አሳርፎ በሌላ እጁ መታ። ንዝረቱ ክንዱ ድረስ ሳይሰማው አልቀረም፤ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። ድንገት ብድግ አለ።

"ያቺ ሴት! ለአቅላጮቹ ሰጥታው እንዳይሆን!"

ስንደርስ መስፉ ጋሪ ላይ ተጭኖ ገመድ እየታሰረለት ነው። ባሌ ገመዱን ያዘ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል።

"እህቴ፣ ተሳስቻለሁ" አላት እያለከለከ። "መስፉ አልሞተም። የሞተው የእኔ ጆሮ ነው። ሐዘን ነው ያልኩሽንም ይቅር በይኝ።"

ከእንግዲህ መስፍ ይዞለት የሚመጣ ሰው እንደማይኖር እያወቀ ነው ይህን በአደባባይ የተናገረው። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አዝኜለት አላውቅም።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጠጋ ብላ ክንዱን ያዘችው።

"የእኔም ባል አይሰማም ነበር" አለችው።

"ማን? እሱ?"

"ስንት ዓመቱ! ለማንም ተናግሬበት አላውቅም። እሱ ይመታል፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለታለሁ። ደህና ከሆነ ራሴን እነቀንቅለታለሁ። ትናንትም ነቅንቄልህ ነበር እኮ፤ አላየኸኝም እንጂ።"

ባሌ ቀና ብሎ ሊያያት ቢሞክርም አልቻለም። ትንሿን መዶሻ ከኪሱ አወጣና ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ ትሰሚልኛለሽ?" አለኝ፣ እንደ ሕፃን።

"ዝም ብለህ ምታ" አልኩት፣ "ልስማልህ።"