የመለሎ ቁመት

የቁመት ወሬ በተነሣ ቁጥር ጫማ ሰፊውን ሳል ይይዘዋል። በሰርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ሙሽሮቹ የቆሙት ደረጃ ላይ ነው፤ እሱ ከላይ፣ እሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ። «የፎቶ አንሺው ሐሳብ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሚስቱን አባቷ በልጅነቷ «መለሎ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ ሠፈሩም ከአባቷ አፍ ተቀብሎ መለሎ አላት። ካገባች ወዲህ ግን ያ ስም ከቤታቸው ወጣ። ማንም አላስወጣውም፤ ባልዮው በሰማው ቁጥር ሲስል አይታ ራሷ ተወችው። እሱ እየሠራ የሚያጫማት ጫማ ሁሉ ታኮ የሌለው ነው፤ ለስላሳ፣ የሚያምር፣ ከመሬት የተጣበቀ። አብረው ሲሄዱ ዝቅ ባለው የመንገዱ ጠርዝ በኩል ትሆናለች፤ ትከሻዋንም ጎበጥ ታደርጋለች። ለምዳዋለች። ሰውዬውን ትወደዋለች፣ ለሚወዱት ሰው ደግሞ ትንሽ ጎንበስ ማለት ምን ይከብዳል?

የእሱንም ምስጢር ታውቃለች። ጫማውን ጠዋት ጠዋት የምትቦርሽለት እሷ ናት። ከውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ ተረከዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቡሽ ጠርቦ በማስቲሽ አጣብቋል። ሥራው ሲያምር! አንድ ቀን ገበሩ ተላቆ ብታገኘው መልሳ ለጠፈችው፣ በመዳፏ ተጫነችው፣ ምንም እንዳላየችም ቦታው አስቀመጠችው።

እንግዲህ አገር ለቀው፣ ባሕር ተሻግረው የመጡት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቡሹም አብሯቸው ተሻገረ።

ባልዮው ጫማ ጠጋኝ ቤት ሥራ ለማግኘት ብዙም አልቆየም። መታወቂያ ለሌለው ሰው ቤት የሚያከራይ ግን አልተገኘም፤ ስለዚህ ቀድማ የመጣችው ታናሽ እህቱ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ነበር የሚያድሩት። እህትየው ልቧ ቅን ነው፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። በየቢሮው የምታስተረጉምላቸውም እሷው ናት።

የመታወቂያው ቀጠሮ ሲደርስ ሦስቱም በማለዳ ሄዱ። አሻራ ሰጡ፣ ፎቶ ተነሡ፤ ሁሉም ነገር ሰተት ብሎ ሄደላቸው። ከዚያ ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ ወደቆመ መለኪያ እያመለከተች አንድ ነገር ተናገረች።

«ጫማችሁን አውልቁና እዚያ ቁሙ ትላለች» አለች እህትየው። «ቁመታችሁም መታወቂያው ላይ ይጻፋል።»

መለሎ ክው አለች። ባሏ መሳል ጀምሯል።

«ጫማው ምን አደረጋት?» አለ። «መታወቂያ የሚወጣው በባዶ እግር ነው እንዴ?»

«ኧረ ወንድም ጋሼ! ካልሲህ ተቀዷል መሰለኝ።»

ሰውዬው ፊቱ ፍም መስሎ አንገቱን ደፋ። መለሎ ወደ መለኪያው ተጠጋች። ስንት ዘመን ሸፋፍነው የኖሩት ገመና በማያውቁት አገር፣ ያውም በዚች አፈኛ ፊት ሊገለጥ ነው። ደግሞ በቁጥር! ደግሞ በኪስ የሚያዝ!

«እኔ ልቅደም» አለች።

ጫማዋን አውልቃ ጀርባዋን መለኪያው ላይ አስደገፈች። ቆመች ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ከረጅሙ ቀሚሷ ሥር ጉልበቶቿን አጥፋለች። ሱሪውን የምታጥበው እሷ ናትና የባሏን ልክ አሳምራ ታውቃለች፤ ከዚያ በታች እስክትሆን ወረደች። ጭኖቿ እየተንቀጠቀጡ ነው፣ ፊቷ ግን ምንም እንዳላጠፋ ልጅ ነው። ጸሐፊዋ ማንሸራተቻውን አናቷ ላይ አሳርፋ ቁጥሩን ልታነብ ቀረበች።

ጸሐፊዋ ምንም አልጠረጠረችም። እህትየውም ስልኳን እየነካካች ነበር። ጫማ ሰፊ ግን ሰውን የሚያየው ከእግሩ ጀምሮ ነው። የዚያ ቀሚስ ጫፍ ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ እንደሚቀር ያውቃል፤ አሁን ወለሉ ላይ ተዘርፍጧል። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። እሷም በዓይኗ «ዝም በል፣ አፈር ስሆን» አለችው።

ዝም ቢል ኖሮ አበቃ፤ መንግሥት ራሱ በማኅተም ረጅም ያደርገው ነበር።

ሳሉ ቆመ። «አንቺ» አለ። «ቀና በይ።»

«ቀና ብያለሁ እኮ።»

«አላልሽም። ቀና በይ፣ መለሎ።»

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያ ስም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንባዋ ሳታስበው መጣ። ጉልበቷን ዘረጋች፣ ትከሻዋን መለሰች፣ ማንሸራተቻውም አናቷን ተከትሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ጸሐፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ይቺ ሴት እዚሁ እንደቆመች አደገች እንዴ? ትላለች» አለች እህትየው።

ከዚያ እሱ ጫማውን አወለቀ። በመለሎ ቦታ ተተክቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በተረከዙ እንኳ ከፍ አላለም።

«ወንድም ጋሼ! እትዬ ትበልጥሃለች እኮ!»

«ካገባኋት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ» አለ። «ለአንቺ ነው አዲስ።»

ሲወጡ እህትየው አውቶቡስ ልትይዝ ቀደመች። ጫማ ሰፊው መንገዱ መሐል ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታጎነብሺልኝ?»

«አንተ ቡሹ ላይ ከወጣህ ጀምሮ።»

«ቡሹን ታውቂያለሽ?»

«ያኔ ገበሩ ሲላቀቅ ማን የለጠፈው መሰለህ?»

ትንሽ አሰበ። «እኔም እኮ ብዬ ነበር» አለ። «ያን ያህል ማስቲሽ የሚያዝረከርክ የእኔ እጅ አይደለም!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ መንገደኛው ዞር እያለ እስኪያያቸው ድረስ። አውቶቡሱም አመለጣቸው።

መታወቂያቸው ሲደርስ ክፍል የሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዱ። መለሎ አዲስ ጫማ አድርጋለች። ታኮውን እሱ ራሱ በየምሽቱ ጠርቦ፣ ጠርቦ ያወጣው ነው፤ ከቆመችበት ሆና የባሏን አናት ታየዋለች። ሽማግሌው መታወቂያ ለማየት እጃቸውን ሲዘረጉ ባልዮው የራሱን ካርድ ትቶ የእሷን አወጣ። ቋንቋቸውን ገና ስላልቻለ ጣቱን ቁመቷ ላይ አኖረና፣ ከቁጥሩ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ቁጥሩ እያመለከተ አሳያቸው። አንድም ጊዜ አላሳለውም።